የዶን ፋኖር ፕላስተር

ኖራልባ መርፌውን ሸክላው ላይ አሳረፈችና ደረቷን ነፍታ ወደ እንግዳዋ ዞረች። የእሁድ ከሰዓት ነው፤ ጭፈራ ቤቱ ጢም ብሏል። ዶን አኒባል ፌብሬስ የትሮምቦናቸውን ሳጥን በጉልበቶቻቸው መሀል አቁመው ከፊት ተቀምጠዋል። ይህን ሸክላ ኒው ዮርክ ውስጥ ሲቀዱ ጢም እንኳ በወጉ ያላበቀሉ የፖርቶ ሪኮ ልጅ ነበሩ፤ ዛሬ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ካሊ ከተማ የመጡት ለሸክላ ሰብሳቢዎች ጉባኤ ሲሆን፣ እዚህ ኦብሬሮ ሰፈር ድረስ የጎተታቸው የኖራልባ ምላስ ነው።

"ሸክላዎን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ ቤት አለ፤ መጥተው ይዩት" ብላ ሆቴላቸው ድረስ ደውላ ነበር። እሳቸውም ስቀው፣ ከገዛ ሸክላቸው ጋር አብረው ሊነፉ ቃል ገቡ። እሷ ደግሞ ወሬውን ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰች።

ሙዚቃው ጀመረ። የካሊ ሰው የሚጨፍረው በእግሩ ነው፤ ከወገብ በላይ ያለው ዝም ብሎ ይከተላል። ሽማግሌዎቹ ነጭ ጫማቸውን እያብለጨለጩ መሬቱን ይጠበጥቡት ያዙ። የኖራልባ እናት ዶኛ ሊሂያ ጥግ ወንበራቸው ላይ ሆነው ትንሿን የብረት ደወል በእንጨት ይመታሉ። በወጣትነታቸው ከእሳቸው እግር የሚፈጥን እግር ሰፈሩ ውስጥ አልነበረም። ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ግን የቀረቻቸው ይህች ደወል ናት፤ እሷንም ቢሆን ለማንም አይሰጡም።

ትሮምቦኑ ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ ሲደርስ ቤቱ ሁሉ እጁን አነሳ። ዶን አኒባል አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አዳመጡ።

"ትራምፔት የሚነፋው ማን ነው?" አሉ።

"እርስዎ ነዎት እንጂ" አለች ኖራልባ እየሳቀች።

"እኛ ባንድ ውስጥ ትራምፔት አልነበረም፣ ልጄ።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ካሊ በሸክላቸው ላይ ስትሠራ የኖረችውን እሳቸው አንድ ቀን አልሰሙም። ሸክላው በደቂቃ ሠላሳ ሦስት ዙር እንዲጫወት የተቀዳ ነው። የኖራልባ አባት ዶን ፋኖር ግን ገና ከሳጥን እንዳወጣው "ይሄ ሙዚቃ ተኝቷል" አለና የማጫወቻውን የፍጥነት ማርሽ ወደ አርባ አምስት አዞረው፤ ወፍራሙ የትሮምቦን ድምፅም ቀጥኖ ትራምፔት መሰለ። እሱ ብቻም አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ የከተማው ጭፈራ ቤት ብዙው እንዲሁ ያደርግ ነበር። ሌላ አገር ስህተት ይባላል፣ ኦብሬሮ ውስጥ ሙያ ነው። ሌሎቹ ኋላ ወደ ደንቡ ሲመለሱ ዶን ፋኖር ማርሹ ላይ ፕላስተር ለጠፈበት። ከማጫወቻው በላይ ደግሞ "እዚህ ቤት ዘፈን አይታዘዝም" የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። ሲሞት ሁለቱንም ለልጁ ተወላት፤ እሷም እስከ ዛሬ አልነካቻቸውም።

ይህን ሁሉ ነገረቻቸው፤ በኩራት ነው የነገረቻቸው። ዶን አኒባል ግን አልሳቁም።

"እዚያ መጨረሻው ላይ አንዲት ረጅም ድምፅ አለች" አሉ። "እሷን ለማቆየት ሳምባዬ እስኪቃጠል ነው የነፋሁት። እናንተ ላይዋ ላይ ሮጣችሁ አለፋችሁ።"

"ሮጠን አይደለም፣ ጨፍረን ነው።"

"አልተቆጣሁም፣ ልጄ። አዝኛለሁ። በዚህ ፍጥነት ደግሞ ያኔም አልነፋሁትም፣ ዛሬም አልነፋውም።" ሳጥናቸውን አንስተው ብድግ አሉ።

ከጎናቸው የተቀመጠው ኤቤርት ይህን ሲጠብቅ የነበረ ይመስላል። ኤቤርት የሰፈሩ ትልቅ ሰብሳቢ ነው፤ የሸክላ ሽፋን እንኳ ያለ ጓንት አይነካም።

"አልኩሽ አይደል? አባትሽ ከሸክላው መሀል የተጻፈውን ቁጥር አንብቦ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አታፍሪም ነበር።"

"አንተ ሸክላውን በጓንት ታቅፈህ እደር። ሚስትህን እኮ አንድ ቀን ለጭፈራ ስታስነሳት አላየንም" አለችው።

ቤቱ ሳቀ። ሚስቱ ከሁሉም በላይ ሳቀች። ነገር ግን ዶን አኒባል ወደ በሩ እየሄዱ ነበር። ሽማግሌው ከወጡ፣ ይህ ቤት የገዛ ሸክላውን ጌታ ያባረረ ቤት ተብሎ ሊቀር ነው። ማርሹን ከነካች ደግሞ አባቷን በሰው ፊት ተሳስቷል ማለቷ ነው።

ዶኛ ሊሂያ ደወላቸውን አንዴ ብቻ መቱ።

"ኖራልባ፣ ፕላስተሩን አንሺው።"

"እማዬ፣ አባዬ የለጠፈውን?"

"ለማን እግር የለጠፈው መሰለሽ?"

ኖራልባ ወደ እናቷ እግር ተመለከተች።

"ለኔ እግር ነው። 'ሊሂያን የሚያህል ሙዚቃ አጣሁ' እያለ ነው ያፈጠነው። እግሬ ይኸውልሽ፣ እይው።" ያበጠውን ጉልበታቸውን በእንጨቷ ነካ አደረጉት። "እሱ ቢኖር ይሄኔ ራሱ ልጦት ነበር። አንሺው አልኩሽ።"

ፕላስተሩ ደርቆ ስለነበር በጥፍሯ እየፋቀች ነው ያነሳችው። ማርሹን ወደ ሠላሳ ሦስት መለሰችና መርፌውን ከመጀመሪያው አሳረፈች።

ዘፋኙ በአንድ ጊዜ ጎልማሳ ሆነ። ባሱ ወለሉ ውስጥ ገባ። ጨፋሪዎቹ ተደነቃቀፉ፤ እግራቸው ቀድሞ ይደርስና ምቱን ቆሞ ይጠብቃል። አንዱ "ይሄ ለቀብር ነው" ሲል አጉረመረመ። ዶኛ ሊሂያ ግን የወንበሩን ክንድ ተደግፈው ቆሙ። ደወሏን ለኤቤርት ሚስት ሰጡና ለልጃቸው እጃቸውን ዘረጉ። ኖራልባ ያዘቻቸው። በመጀመሪያ ግራ እግራቸው፣ ቀጥሎ ቀኙ፣ ያ የድሮው ስልት አንዱም ሳይጎድል በዝግታ ወጣ። ኖራልባ እናቷ ሲጨፍሩ ካየች ብዙ ዓመቷ ነው፤ እንባዋ መጣ፣ አልደበቀችውም።

"ወደ ፊት አትጎትቺኝ" አሉ ዶኛ ሊሂያ። "ሙዚቃው ይጎትተኛል።"

ዶን አኒባል በሩ ላይ ቆመው እያዩ ነበር። ሳጥኑን መሬት አድርገው ከፈቱት። ያ ቦታ ሲደርስ ትሮምቦኑ አፋቸው ላይ ነበር። ሸክላው ላይ ካለው ልጅ ጋር ጎን ለጎን ነፉ፤ አንዳንዴ ቀደማቸው፣ አንዳንዴ ጠበቃቸው። ያቺ ረጅም ድምፅ መጣች። ጥቂት አብረው ያዟትና ትንፋሻቸው አለቀ። ትሮምቦኑን ዝቅ አደረጉ። ልጁ ብቻውን ይዟት ቀጠለ፣ ቀጠለ።

"እንዴት ያለ ጉልበተኛ ነበርኩ!" አሉ ዶን አኒባል፣ ፊታቸው ሁሉ በርቶ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

ለዶኛ ሊሂያ አጎንብሰው እጅ ነሱ። "እንዲህ ቀስ ብሎ የሚጨፍር የካሊ ሰው አለ አላሉኝም።"

"አልነበረም" አሉ ዶኛ ሊሂያ እያለከለኩ። "ዛሬ ነው የጀመርኩት።"

አንድ ሁለት ብርጭቆ የአኒስ አረቄ ከተቀዳ በኋላ ጨፋሪዎቹ ነገር ጀመሩ። አንዱ "ወደ አርባ አምስት!" ሲል ሌላው "ተወው፣ እንዲሁ ይሁን" ይላል። ኤቤርት ኮሌታውን እያስተካከለ ጠጋ አለ።

"እንግዲህ ፕላስተሩን ሠላሳ ሦስቱ ላይ ለጥፊዋ፤ ነገሩ ይለቅ።"

ኖራልባ ፕላስተሩን ከማጫወቻው ጠርዝ ላይ አንስታ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው። ሸክላውን ገለበጠች። መርፌውን ከማሳረፏ በፊት ግን እጇን ማርሹ ላይ አድርጋ፣ ከአባቷ ሰሌዳ ሥር እንደቆመች ወደ ጥጉ ዞረች።

"እማዬ፣ ይሄኛውን በስንት ላድርግልሽ?"