ታሽከንትን ጥሩ አድርጎ የሚስብ ሬዲዮ

በኮሚኒስቶች ዘመን በታልሲ ከተማ ሬዲዮ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሻጯን የሚጠይቃት አንድ ነገር ነበር፤ «ታሽከንትን ጥሩ አድርጎ ይስባል?»

ስለ ታሽከንት የሚጨነቅ ሰው በከተማችን አልነበረም። ከባሕር ማዶ በእኛ ቋንቋ የሚያወራውን ጣቢያ ግን ሁሉም ይፈልገው ነበር፤ መንግሥት የከለከለው ስለሆነ ግን ስሙን ሱቅ ውስጥ መጥራት አያዋጣም። ስለዚህ ሩቅ የሆነ፣ ማንም ቅር ሊሰኝበት የማይችል የአገር ውስጥ ከተማ ተመረጠ። ማን እንደመረጠው አይታወቅም። ሎኒያ የምትባለው ሻጭ ለዓመታት ይህን ጥያቄ ስትሰማ ፊቷን ሳትለውጥ «እንደ ጎረቤት ነው የሚሰማው» ወይም «ታሽከንት እንኳ ይቅርብዎት» ትላለች፤ ገዢውም ገብቶት ይሄዳል። ነገሩ ሳይገባው የቀረ የባህል ቤቱ ኃላፊ ብቻ ነበር። ሕዝቡ ለኡዝቤክ ሙዚቃ ያለውን ፍቅር በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ በደስታ ጽፎታል።

እ.ኤ.አ. በ1970፣ እኔ ከሪጋ ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ወደ ቤት በመጣሁበት ሳምንት፣ ከአልፎንስ ደብዳቤ ደረሰን። አልፎንስ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። በጦርነቱ ማብቂያ በዓሣ ጀልባ ባሕሩን ተሻግሮ ከሄደ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ደብዳቤዎቹን መንገድ ላይ ሌሎች ሰዎች ስለሚያነቧቸው የሚጽፈው ስለ ዝናብና ስለ ጥርሱ ብቻ ነበር። በዚህኛው ላይ ግን እንዲህ የሚል ነበረበት፤ «ጠረጴዛዬ ከግድግዳው አሥራ ስድስት ሜትር ይርቃል። እሑድ እሑድ፣ በእናንተ ሰዓት ከቀኑ ሰባት ላይ፣ እዚያ ተቀምጬ ለግማሽ ሰዓት ስለ ፖም ዛፍ አወራለሁ። ሐምሌ ሲያልቅ ጠረጴዛውን ለወጣት ሰው እለቃለሁ። ሳሉ አላሠራ ብሎኛል።»

«አሥራ ስድስት ሜትር ክፍል!» አለች እናቴ ደብዳቤውን ከዓይኗ አርቃ። «ሀብታም ሆኖ ነው ወይስ ጃጅቶ?»

«ሞገዱ ነው፣ እማዬ» አልኳት። «በአጭር ሞገድ አሥራ ስድስት ሜትር ላይ ነው የሚናገረው።»

ደብዳቤውን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ያልቆሸሸ ድስት ስታጥብ ቆየች። ወንድሟ ከአገር ሲወጣ ድምፁ እንዴት እንደነበረ እንኳ አታስታውስም፤ ይህን የነገረችኝ ማታ ላይ ነው።

ችግሩ ለእኛ የሚሠሩት ሬዲዮዎች ሃያ አምስት ሜትር ላይ ሲደርሱ ማብቃታቸው ነው። አሥራ ስድስት ያላቸው ለውጭ አገር ገበያ የሚሠሩት ብቻ ነበሩ። አልፎ አልፎ ግን ከውጭ ትእዛዝ የተረፈ አንድ ሁለት ሱቅ ይገባል። በማግሥቱ ስንሄድ አንዱ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ማዕዘኑ ትንሽ ተሸርፏል።

ሎኒያ ግን ጡረታ ወጥታለች። በቦታዋ ግራጫ ካፖርት የለበሰ፣ እርሳስ ከጆሮው ጀርባ የሰካ ትልቅ ሰው ቆሟል። ኦስቫልድስ ይባላል፤ በቅርቡ ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ዕድሜውን ሁሉ ሬዲዮ ላይ የሠራ መሆኑን ሰምተናል።

እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ጓድ፣ ያ የተሸረፈው ታሽከንትን ጥሩ አድርጎ ይስባል?»

«ታሽከንትን?» አለ ኦስቫልድስ፤ ፊቱ በራ። «ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈልጉትን አውቀው የመጡ ሰው አገኘሁ! አይ፣ እሱ አይሆንዎትም።»

«አይሆነኝም?»

«ለታሽከንት አሥራ ስድስት ሜትር ምን ያደርጋል? ባዶ ነው። ይኼንን ይውሰዱ፣ ሃያ አምስት ሜትሩ ሰፊ ነው፣ መርፌው አይንሸራተትም። ታሽከንት ሳሎንዎ ገብቶ ይቀመጣል።»

እናቴ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ወለሉ አየሁ።

«የዚያኛው ቀለሙ ደስ ብሎኝ ነው» አለች።

«ጓድ፣ መጋረጃ አይደለም እኮ የሚገዙት።»

«ደግሞ ቀለል ይላል፤ ወገቤን ያመኛል።»

«እኔ ተሸክሜ አመጣልዎታለሁ። አንቴናውንም እኔ ነኝ የምሰቅልልዎ። ሽቦው በትክክል ወደ ደቡብ ምሥራቅ መዞር አለበት፤ ሰው እንደ ልብስ ማስጫ እየወጠረ ሬዲዮውን ይሳደባል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያ የተሸረፈው የሚስበው እርስዎ መስማት የማይፈልጉትን ነው።»

ከዚህ በኋላ የተሸረፈውን እፈልጋለሁ ማለት አይቻልም ነበር። ታሽከንትን ጥሩ አድርጎ የሚስበውን ገዛን።

እሑድ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ኦስቫልድስ ሬዲዮውን ታቅፎ፣ የሽቦ ጥቅል ትከሻው ላይ አንግቦ መጣ። ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ በኮምፓስ ለካ። ልክ ሰባት ሰዓት ሲሆን የታሽከንት ጥጥ አምራቾች እቅዳቸውን ከጊዜው በፊት ማሳካታቸውን በጠራ ድምፅ ሰማን። ቀጥሎ ረጅም ዘፈን መጣ።

«ሰሙት?» ይላል ኦስቫልድስ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ። «የሙዚቃ መሣሪያውን ክር ድምፅ ሰሙት? አንድ በአንድ!»

«ሰማሁ» ትላለች እናቴ የግድግዳውን ሰዓት እያየች።

በሚቀጥለው እሑድ አቅጣጫውን ሁለት ዲግሪ ለማስተካከል መጣ። ከዚያ በኋላ ባለው ደግሞ ሁለቱ ዲግሪ ስሕተት እንደነበሩ ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ መጣ። እናቴ በክብር ትቀበለዋለች፤ ጥቁር ዳቦና የተጨሰ ዓሣ ታቀርባለች፤ ለታሽከንት ያላትን ፍቅር ማሳነስ አልቻለችምና አጠገቡ ተቀምጣ ታዳምጣለች። ጎረቤታችን ሚርድዛ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ዜልማ፣ ይኼ ሰውዬ አንቴና ነው የሚሰቅለው ወይስ ቀለበት ነው የሚያመጣው?» አለቻት።

«አፍሽን ዝጊ» አለች እናቴ። «ይልቅ እሑድ የሚያስጠራው የታመመ ዘመድ ካለው ጠይቂልኝ።»

የሐምሌ የመጨረሻ እሑድ ደረሰ። ኦስቫልድስ በሰዓቱ መጣ። እናቴ የቀዘቀዘ የቀይ ሥር ሾርባ እየቀዳች ነበር። ታሽከንት ስለ መስኖ ጀመረ። ሰባት ሰዓት ከሁለት፣ ከሦስት ሆነ። ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ለቀቀችው።

«ጓድ ኦስቫልድስ፣ ታሽከንትን አልወድም።»

«ዛሬ ትንሽ ይንኮሻኮሻል፣ እውነት ነው…»

«በሕይወቴ ወድጄው አላውቅም። ወንድም አለኝ። አሥራ ስድስት ሜትር ላይ ነው። አሁን፣ በዚህች ደቂቃ እየተናገረ ነው፤ ከዛሬ በኋላም አይናገርም። ከፈለጉ ሄደው ይንገሩብኝ።»

እኔ እጄ ላይ የነበረውን ማንኪያ ማስቀመጥ ረሳሁ። ኦስቫልድስ ቀስ ብሎ ቀላ። መጀመሪያ የወጣው ግን ንዴት ነበር፤ የባለሙያ ንዴት።

«አሥራ ስድስት ሜትር! ታዲያ ለምን ወደ ደቡብ ምሥራቅ አሰቀሉኝ? ሦስት እሑድ! ሰው የሚፈልገውን ካልተናገረ እንዴት ነው ሬዲዮ የሚመረጥለት?»

«እንዴት ብዬ ልናገር?»

«ስለ ምንድነው የሚያወራው?»

«ስለ ፖም ዛፍ።»

«አልፎንስ?» አለ። «‹ውድ አድማጮች› ከማለቱ በፊት የሚያስለው?»

ይህን ብሎ አፉን ዘጋ፤ ግን ቃሉ ወጥቷል። እናቴ ማሳሉን ከደብዳቤው እንጂ ከማንም አልሰማችም። እኛ ቤት ውስጥ እንኳ የአልፎንስ ስም ድምፅ ተቀንሶ ነበር የሚጠራው።

«እርስዎ የት ሰሙት?»

ኦስቫልድስ ኮፍያውን አነሳ። «የሱቁ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው» አለና ወጣ። በብስክሌት ሲሄድ በመስኮት አየነው፤ ለክብደቱ ፈጣን ነበር።

የተሸረፈውን ይዞ ሲመለስ ሰባት ሰዓት ከሃያ ሆኖ ነበር። ኮምፓስ አላወጣም። ሽቦውን ከጣሪያው ነቅሎ በእጄ አስያዘኝና የፖም ዛፋችን ላይ እንድወጣ በአገጩ አመለከተኝ። ወጣሁ። በክፍቱ መስኮት በኩል ሬዲዮው እንደ ወፍጮ ሲያጓራ ሰማሁ፤ መንግሥት የባሕር ማዶ ጣቢያዎችን ለማፈን በላያቸው የሚለቀው ያው የታወቀው ጩኸት ነው። ከሥሩ፣ በጣም ከታች፣ ሰው የሚመስል ነገር አለ።

«ምንም አይሰማኝም» አለች እናቴ። ጆሮዋን በሬዲዮው ፊት ባለው ጨርቅ ላይ ለጥፋለች። «ምንም!»

ኦስቫልድስ ዓይኖቹን ጨፍኖ ቆሞ ነበር። ከዚያ በዚያው ሱቅ ውስጥ ዕቃ በሚያስረዳበት ድምፅ መናገር ጀመረ። «በእርጥብ ቀን ቅርንጫፍ አትቁረጡ ይላል። ቁስሉን በሸክላ አፈር ሸፍኑ ይላል። አሳለው። ወረቀት ገለበጠ። ዛሬ የመጨረሻ ቀኔ ነው ይላል።» እዚህ ላይ አቋረጠ።

«ይቀጥሉ!»

«ስም እየጠራ ነው።»

«የማንን?»

«የእርስዎን። ‹ዜልማ፣ ትሰሚኝ እንደሆነ አላውቅም፤ በየዓመቱ በስምሽ በዓል ቀን እንኳን አደረሰሽ ብዬሻለሁ› ይላል።» አሁንም ዓይኑን አልገለጠም። «እውነቱን ነው፤ በየዓመቱ ይል ነበር። ስም ሲጠራ ከፍ አድርጉ የሚል መመሪያ ነበረን፤ እዚያ ላይ ከፍ አደርገው ነበር።»

«ምኑን?»

«ጩኸቱን።»

ከዛፉ ላይ ሆኜ የእናቴን ጀርባ ብቻ ነበር የማየው። የምታስወጣው መስሎኝ ነበር፤ ዱላ የምታነሳም መሰለኝ። ሬዲዮው ሰባት ተኩል ሲሆን ማጓራቱን ባንዴ አቆመ፤ የሚታፈን ነገር አልቀረም።

«ስንት ዓመት?» አለች።

«አሥራ ስምንት። ለማፈን መጀመሪያ ጣቢያውን አጥርቶ መስማት ያስፈልጋል፤ አንድ ሰው በጆሮው እየሰማ ይቆጣጠራል። እሑድ የእኔ ተራ ነበር።»

«አንድም አላመለጠህም?»

እናቴ አንተ ስትለው የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እሱም ልብ ያለው ይመስለኛል፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ ያዘ።

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትርፍ አንጀቴን ኦፕሬሽን በሆንኩ ጊዜ።»

የቀይ ሥሩን ሾርባ ሞልታ ቀዳችና ጠረጴዛው ላይ ገፋችለት። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«በልና ከመጀመሪያው ቀን ጀምር» አለችው።

«ከመጀመሪያው?» አለ ኦስቫልድስ ማንኪያውን እያነሳ። «የመጀመሪያው ዓመት ስለ ፖም አልነበረም። ስለ ንብ ነበር።»

«ውሸት! አልፎንስ ንብ ይፈራል!»

«መፍራቱን ነው ያወራው» አለ፤ መናገርም ጀመረ።