ጆላሜ የሚሻገርበት ድልድይ

ከሱቫ እስከ ናውሶሪ የእኔን ያህል አውቶቡስ የነዳ ሰው ገና አልተወለደም። እኔ ሳኪያሲ ጡሩምባዬን አንዴ ካሰማሁ ውሾች ከመንገድ ይነሣሉ፣ ፖሊሶች ቀበቷቸውን ያጠብቃሉ፣ አሮጊቶች ጸጉራቸውን ያስተካክላሉ። አሁን የማወራው ግን ስለ ጆላሜ ነው።

ጆላሜ የአክስቴ ልጅ ነው። በእኛ አገር የአክስት ልጅ ታቫሌ ይባላል፤ ታቫሌን መስደብ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው። ኩላሊቱ ከከዳው ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ሱቫ እየሄደ ደሙን በማሽን ያሳጥብ ነበር። አንድ ቀን ከቀረ ያብጣል፤ ደጋግሞ ከቀረ ይሞታል። አውቶቡሴ ደጁ ላይ ትቆማለች፤ እሱም ትንሿን የእንጨት ድልድይ ተሻግሮ ይሳፈራል።

«ዛሬም አልሞትክም?» እለዋለሁ።

«አነዳድህን ሳየው ማናችን እንደምንቀድም መለየት አቃተኝ» ይላል፤ ከኋላዬም ይቀመጣል።

ከዚያ መንገዱ ይስፋ ተባለ። የመንገድ መሥሪያ ቤት ሰዎች፣ እኛ መንገዶች የምንላቸው፣ መጡና ድልድዪቱን አንሥተው ደጁ ላይ መርከብ የሚያሰጥም ቦይ ቆፈሩ። አዲሱን ድልድይ የምንሠራው ውሃዎች ቧንቧቸውን ሲቀብሩ ነው አሉ። ውሃዎች፣ መብራቶች ምሰሶ ካላነሡልን አንቆፍርም አሉ። መብራቶች ደግሞ፣ መንገዶች ጠርዙን ካላሳዩን ምሰሶውን ሰማይ ላይ እንትከለው ወይ አሉ። ሦስቱን የሚያስማማ አስተባባሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሊቀመንበር ነበረው፣ ማኅተም ነበረው፣ አንድ ዓይነት ካናቴራ ሳይቀር አሰፍቶ ነበር።

የጆላሜ ሚስት ኡላሚላ በወጋችን ልትለምናቸው ተነሣች። ምርጥ የያንጎና ሥር በጋዜጣ ጠቀለለች፤ አፈ ጉባኤዋ እኔ ሆንኩ። ያን ቀን የተናገርኩትን ዓሣ ቢሰማው ከባሕር ወጥቶ ያለቅስ ነበር። ሊቀመንበሩ ሥሩን በሁለት እጁ ነካና አጨበጨበ። የሦስቱም መሥሪያ ቤት ሰዎች አጨበጨቡ። ሥሩ ተወቀጠ፣ ተበጠበጠ፣ ተጠጣ። በእኛ ዘንድ ሥሩ ከተነካ ልመናው ተፈጸመ ማለት ነው። ኡላሚላ በማግስቱ ድልድዩ የሚያርፍበትን ቦታ ስትጠርግ አገኘኋት።

ማንም አልመጣም። ውሸታሞች ሆነው አይደለም። መንገዶች ሥሩ ለውሃዎች የቀረበ መሰላቸው፤ ውሃዎች ለመብራቶች፤ መብራቶች ለሊቀመንበሩ፤ ሊቀመንበሩ ለሁሉም። ሁሉም የተቀበለውን ሸክም ማንም አያነሣውም።

ጆላሜን እኔ አነሣሁት። አውቶቡሱን ከነተሳፋሪው አቁሜ፣ ሽርጤን ሰብስቤ፣ ጭቃው ውስጥ ገብቼ በጀርባዬ አሻግረው ነበር።

«አሳማ መሸከም ይሻለኝ ነበር» እለዋለሁ። «አሳማ መጨረሻው ላይ ይበላል።»

«ፈረስ ሲያወራ አልሰማሁም» ይላል ጆሮዬ ሥር። «ዝም ብለህ ሂድ።»

ክረምቱ ሲገባ ቦዩ ሞላ። የጣልነውን ሳንቃ ሁሉ ጎርፍ ወሰደው፤ ጓሮው ደግሞ ሰው የሚውጥ ረግረግ ነው። ጆላሜ ከወዲያ ማዶ ጃንጥላ ይዞ ቆመ፤ ፊቱ አብጦ ዓይኖቹ ጠበዋል።

«ሂድ እንጂ፣ ሰዎቹ ሥራ ይረፍድባቸዋል» ሲል ጮኸ።

«ዋኝቼ እመጣለሁ!»

«አንተ? ባልዲ ውስጥ የሰጠምከው ሰውዬ?»

ዝናቡ እየወረደብን ሳቅን። በማግስቱም እንዲሁ ቆሞ አየሁት፤ ያን ቀን አልሳቀም። ከዚያ በኋላ ደጅ መውጣት አቃተው። ውሃው ሲጎድል ገብቼ አወጣሁት። እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም። የሚያበሽቅ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ማሽኑ ጋ ደረስን፤ ነርሷ ግን ዓይኑን ከገለጠች በኋላ እኔን ማየት አልቻለችም።

ሣጥኑን ውሃው ሳይመለስ ወደ ቤቱ አስገባነው፤ ሌሊቱን ዘንቦ ቦዩ እንደገና ሞላ። በእኛ አገር ለቅሶ የማይደርስ ሰው የለም። ኮሚቴውም ምንጣፍ፣ አሳማና በወጋችን ለሐዘንም ለይቅርታም የሚሰጠውን የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዞ መጣ፤ ቦዩ ዳር ሲደርስም ቆመ። ከሐዘንተኛ ደጅ ሳይገቡ መመለስ ነውር ነው፤ አስከሬኑም መውጫ የለውም። መብራቶች ከመኪናቸው ምሰሶ አወረዱ። ውሃዎች ፓምፕ አስነሥተው ቦዩን አደረቁ። መንገዶች ጠጠር ገለበጡ። ማን ይቅደም ያለ አልነበረም። ምሳ ሳይደርስ ዝሆን የሚያሻግር ድልድይ ቆመ፤ በዚህኛው እንኳ አላጋነንኩም።

ሊቀመንበሩ ገብቶ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከና የዓሣ ነባሪውን ጥርስ ዘረጋልኝ። ስለ ቤቱ ሆኖ መቀበል የእኔ ፈንታ ነው። እጄን ግን አልዘረጋሁም።

ኡላሚላ ከአስከሬን ሣጥኑ አጠገብ ሆና፣ «ሳኪያሲ፣ ተቀበላቸው» አለችኝ።

«የእኛንም ሥር ተቀብለው ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። እኛ ግን ተቀበልን ካልን ተቀብለናል ማለት ነው።»

ሰው ሁሉ የእኔን ንግግር ይጠብቅ ነበር። «ተቀብለናል» ብቻ አልኩና ጥርሱን ያዝኩ። ሊቀመንበሩ ካናቴራውን ዓይኑ ላይ አድርጎ አለቀሰ፤ ዝም በል ያለው የለም።

ከሰዓት በኋላ ሣጥኑን በትከሻችን ተሸክመን ወጣን። መሃል ላይ ስንደርስ ከልማድ ወደ ታች፣ ወደ ጭቃው አየሁ። ድልድዩ አልተነቃነቀም።