የይሄይስ አዲስ የብርሃን መለኪያ

«በይሄይስ ፎቶ ቤት ከዛሬ ጀምሮ ብርሃን በእጅ መለኪያ የሚለካ መሆኑን ለክቡራን ደንበኞቻችን በታላቅ አክብሮት እንገልጻለን።»

ይሄይስ ማስታወቂያውን በሩ ላይ በፕላስተር ሲለጥፍ፣ ጎረቤቱ ሸምሱ፣ የሞባይል ዕቃ ነጋዴው፣ ከጀርባው ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበለት። መለኪያውን ከቴፒ ያመጣለት እሱ ነው።

«ለምን እንደቀየርክ አልጻፍክም እኮ» አለው።

«ለጥራት ነዋ!»

«ለጥራት!» አለ ሸምሱ፣ ራሱን እየነቀነቀ።

የፊልም ፎቶ ሚዛን ተፈሪ ላይ እንደገና ፋሽን ሲሆን ይሄይስ አሮጌ ካሜራውን ከሣጥን አውጥቶ ነበር። ካሜራው የራሱ ብርሃን መለኪያ በሆዱ ውስጥ አለው። «የኔ ካሜራ ራሱ ያስባል» እያለ ጉራውን ሲነዛ ከረመ። የሚያስበው ግን ነጭ ልብስ እስኪያይ ድረስ ነበር። ነጭ ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ቀንሱ ይላል፤ ልብሱ ያምራል፣ ፊት ይጨልማል። ይሄን ያወቀው ባለፈው ሳምንት ሁለቱን መለኪያዎች ሸምሱ ላይ ሲያስተያይ ነው። የእጁ መለኪያ አገጭ ሥር ተይዞ ሰው ላይ የሚወርደውን ብርሃን ይለካል እንጂ ምን ለበስክ ብሎ አይጠይቅም።

እንቅልፍ የነሳው ግን ሌላ ነገር ነው። ወይዘሮ ተሾመች፣ ኮረሪማ ነጋዴዋ፣ ለጥምቀት ነጭ በነጭ ለብሰው ፎቶ ተነሥተው ነበር። ፊልሙ አዲስ አበባ ታጥቦ ሲመጣ ነጠላቸው አለ፣ ፊታቸው የለም። ይሄይስም ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «እማማ፣ ፊልም ጥቁር ፊት ያስቸግረዋል» አላቸው።

እሳቸው ይቅርታ ጠየቁት። ፎቶውንም ወስደው ሳሎናቸው ሰቀሉት፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ «ሲያምሩ!» ይላል።

ፕላስተሩን ገና ከእጁ ሳያስቀምጥ ወይዘሮ ተሾመች ራሳቸው ከች አሉ። ልጃቸው ጽጌሬዳ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ትከተላቸዋለች። ከአንገቷ በላይ የሌላ ሰው ልጅ ትመስላለች፤ ፊቷ በፓውደር አመድ መስሏል።

«ለአማቶቿ የሚላክ ፎቶ ነው» አሉ። «እሷም እንደኔ ጥቁር ናት፤ እንዳታስቸግርህ ብዬ ቀባኋት። ይበቃል ወይስ ልጨምር ልጄ?»

«እማዬ፣ ተይ በቃ!» አለች ጽጌሬዳ።

ይሄይስ ካሜራውን አነሣ። «ይበቃል» አለ። ሌላ ሊል የሚችለው ብዙ ነገር ነበር።

ጓሮ ወስዶ ሰማዩ ሥር ወንበር ላይ አስቀመጣትና መለኪያውን አገጯ ሥር ያዘ። መርፌው ስምንት ላይ ቆመ።

«ምን አለ?» አሉ እናትየዋ።

«ስምንት።»

«ስምንት ጥሩ ነው?»

«ጥሩ ነው፣ እማማ።»

«እስቲ እኔንም ለካኝ» አሉ እየሳቁ፣ «ምን ያህል እንደምጎድል ልወቀው።»

ይሄይስ የሚከለክልበት ምክንያት ፈለገ፤ አጣ። ከልጃቸው ጎን አቆማቸውና መለኪያውን አገጫቸው ሥር ያዘ።

ተከትሏቸው ጓሮ የገባው ሸምሱ አንገቱን አስግጎ አየና፣ «ያው ስምንት!» አለ። ወዲያው የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ። ጫማው ክር የለውም።

«እኔ አልተቀባሁም እኮ» አሉ ወይዘሮ ተሾመች ቀስ ብለው።

ይሄይስ መለኪያውን ኪሱ ከተተው።

«ታዲያ ያኔ…» አሉና ተዉት። ሳቃቸው ግን አልተመለሰም።

ጽጌሬዳ ጉንጯን በመዳፏ ነካ አድርጋ መዳፏን አየችው። «ውሃ አለ?» አለች።

ቧንቧው ጓሮው ጥግ ነው፤ በጣቱ ቢያሳያት ይበቃ ነበር። ይሄይስ ግን ካሜራውን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ጆግ ሞላ። እጅጌውን ሰብስቦ፣ እንደ ቤት ልጅ ጎንበስ ብሎ ያስታጥባት ጀመር። ፓውደሩ ወተት መስሎ ጫማው ላይ ፈሰሰ።

«እማማ፣» አለ ቀና ሳይል፣ «ከእሷ በፊት እርስዎ ይቀመጡ።»

ወይዘሮ ተሾመች የነጭ ነጠላቸውን ጫፍ ያዙ።

«ነጠላዬን ላውልቀው?»

«አያውልቁት» አለ።