የማይታጠፍ ጉልበት

«እጠፊው እንጂ!» አለች አክስቷ ኡልጃን በጥርሷ መሃል። «ሰው እያየ ነው።»

«አይታጠፍም አክስቴ።»

«ትንሽ እንኳ?»

«ሐኪሙ ትንሽ አላለም። አይታጠፍም ነው ያለው።»

ቡሩል ለለቅሶ በተተከለው የሱፍ ድንኳን ምንጣፍ ላይ ቀኝ እግሯን እንደ ግንድ ዘርግታ ተቀምጣለች። ከጭኗ እስከ ባቷ ብረት በገባበት ማሰሪያ ተጠፍሯል። ሌሎቹ ሴቶች ወጉ እንደሚያዘው ፊታቸውን ወደ ሱፉ ግድግዳ አዙረው፣ አንድ ጉልበታቸውን አቁመው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ጭነው እየተወዛወዙ ያለቅሳሉ። ከመጋረጃው ጀርባ አባቷ ጁማሊ ተኝቷል። የሚቀበረው ነገ ነው፤ ከናሪን የሚመጡት ዘመዶች እስኪደርሱ እየተጠበቀ ነው።

የእሷ እግር ግን መተላለፊያ ዘግቷል። አዲስ ለቀስተኛ በገባች ቁጥር ወይ ትረግጠዋለች፣ ወይ ልትረግጠው ስትል «ውይ፣ እኔን!» ትልና ለቅሶዋን አቋርጣ ስለ ጉልበት ታወራለች። አንዷ የጎመን ቅጠል ይታሰርበት አለች። ሌላዋ የድብ ሞራ ካልተቀባ አይድንም አለች። አንዲት ጎረቤት ደግሞ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ «ሴት ልጅ በረዶ ላይ ምን አስኬዳት? ይኸው በሐሳብ ገደለችው» ብላ ለአጠገቧ ሴት ሹክ አለች። ሹክሹክታዋ ውጭ ድረስ ይሰማል።

ቡሩል አላለቀሰችም። አባቷ ትናንት በር ላይ ከወደቀ ጀምሮ አንዲት ጠብታ አልወጣትም። ውስጧን የሞላው ንዴት ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ ደግሞ ሰው በአንድ ዓይኑ ያለቅስና በሌላው ያላለቀሰውን ይፈልጋል።

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለች ኡልጃን፣ ለማንም ያልተናገረች መስላ።

ቡሩል ጥርሷን ነከሰች። ክራንቿን ብታገኝ ወጥታ በሄደች ነበር፤ ክራንቹን ግን ሰው እንዳያደናቅፍ ብለው ከጫማዎቹ ጋር በር ላይ ቆልለውታል።

ዘንድሮ የእሷ ዓመት ነበር። በረዶው ቀድሞ ወርዶ፣ ሰውነቷ እንደ ልቧ ሆኖላት፣ በበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳዋ ላይ ቆማ ቁልቁል ስትወርድ የሚደርስባት አልነበረም። መጋቢት ላይ በሚደረገው ውድድር ካሸነፈች ለሀገር ቡድን ትመረጣለች። አሠልጣኟ ራሱ «ጤናውን ብቻ ይስጥሽ» ይላት ነበር። ይኸው የፈራው አልቀረም። አንድ ጠዋት ጭጋግ ባለበት በላይኛው ቁልቁለት ስትወርድ፣ እንደ አንሶላ መለስለስ የነበረበት በረዶ በበረዶ መደልደያ መኪና ጥርስ ተቦጫጭቆ፣ በብርድ እንደ ድንጋይ ደርቆ ጠበቃት። የሰሌዳው ጠርዝ ተያዘ። ከጉልበቷ ውስጥ እርጥብ እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ድምፅ ወጣ።

«ጅማቱ ተበጥሷል» አላት ሐኪሙ። «የዘንድሮ በረዶ አለቀልሽ። ለከርሞ ያድርሰን።» የሠርግ ቀን የሚያዛውር ነው የሚመስለው፣ እንዴት እንደ ቀለለው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በአልጋ ላይ ነው። ከመስኮቱ ተራራው ይታያል፤ አልጋው ዞሮ ፊቷ ወደ ግድግዳ እንዲሆን አስደረገች። ጓደኞቿ «ናፈቅሽን» እያሉ ሲንሸራተቱ የተቀረጹትን ቪዲዮ ይልኩላታል፤ ስልኩን ወርውራ ሰባበረችው። በውድድሩ ላይ ቦታዋ ሁልጊዜ በእሷ ለምትሸነፍ ለአንዲት የቢሽኬክ ልጅ እንደ ተሰጠ ስትሰማ ሙሉ ቀን አልበላችም። ሐኪሙ ያዘዘላትን እንቅስቃሴ፣ እግር አንሺ፣ እግር አውርጂ የሚለውን፣ እናቷ ቤርሜት ስታስታውሳት «አንቺ አንሺው!» ብላ ትጮህባታለች። ቤተሰቡ ድመት እንዳለበት ቤት አይጥ በእግር ጣቱ መሄድ ጀመረ።

አባቷ ብቻ አልፈራትም። ጁማሊ ከካራኮል በላይ ባለው የበረዶ ሜዳ የበረዶ መደልደያ መኪና ነጂ ነበር። ሰው በተኛበት ሰዓት ያን ባለ ሰንሰለት መኪና ይዞ ተራራውን ወጥቶ፣ ሲነጋ ቁልቁለቱን አንጥፎ ይወርዳል። እሱ ራሱ አንድ ቀን ተንሸራቶ አያውቅም። የልጁን ሰሌዳ የሚጠራው «መክተፊያ» ብሎ ነው። «የሰው ልጅ መክተፊያ ላይ ሽንኩርት ይከትፋል፤ የኔዋ ትቆምበታለች» እያለ ሻይ ቤቱን ያስቃል። የመጀመሪያ ሜዳሊያዋን ግን መኪናው መስታወት ላይ ሰቅሎ፣ እየተንቋቋ ሥራ እያስፈታው እንኳ አላወርድም ብሎ ነበር።

ከሥራ ሲመለስ ጠዋት ጠዋት በላስቲክ ባልዲ በረዶ ይዞላት ይገባል። በፎጣ ጠቅልሎ ያበጠው ጉልበቷ ላይ ያስቀምጥላታል።

«ከላይኛው ቁልቁለት ነው» ይላል። «የፍሪጅ በረዶ ሥጋ ሥጋ ይሸታል፤ ለጉልበት አይሆንም። ዛሬማ ዱቄት ነው የወረደው፤ ብታዪው!»

«አላየውም! ምን ልሁን ብለህ ነው የምትነግረኝ?»

«እሺ፣ ዱቄት አይደለም። ጭቃ ነው።»

አንድ ቀን ንዴቷ ሞልቶ ፈሰሰ። ባልዲውን በጤነኛ እግሯ ገፋችው፤ በረዶው ምንጣፉ ላይ ተበተነ። «ሥራህን በወጉ ብትሠራ ኖሮ እኔ አልጋ ላይ አልውልም ነበር! ቁልቁለቱን ማን ነው እንደዚያ ጥሎት የወረደው? አንተ አይደለህም?»

ጁማሊ ተንበርክኮ በረዶው ሳይቀልጥ በእጁ እያፈሰ ወደ ባልዲው መለሰው። «ልክ ነሽ» አለ ሲነሳ። በማግስቱም ባልዲውን ይዞ መጣ፤ እሷ የተኛች መስላ ፊቷን አዞረች። ትናንት ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ሲወድቅም ባልዲው እጁ ላይ ነበር። ባልዲውን ከገፋች ወዲያ አንድ ደግ ቃል ሳታወጣለት መቅረቷን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

አሁን ድንኳኑ ውስጥ ሙቀቱና ሹክሹክታው አፈናት። በቂጧ እየተንፏቀቀች በር ላይ ደረሰች፣ ክራንቿን መዝዛ ወጣች። አክስቷ «የት ነው?» ስትላት፣ «ሽንት ቤት! እሱም አይፈቀድም?» አለቻት።

ከቤቱ ጀርባ ለለቅሶው የታረደው ፈረስ ሥጋ የሚቀቀልበት ትልቅ ብረት ድስት ተጥዷል። እሳቱን የሚቆሰቁሰው ሳማጋን ነው፤ ከአባቷ ጋር ዕድሜ ልኩን መኪና የነዳ ባልደረባ። ሲያያት መቆስቆሻውን ጣለ።

«ቡሩል፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከነገርኩሽ በኋላ በክራንቹ ብትመቺኝ አልሸሽም።»

«ንገረኝ ጋሽ ሳማጋን።»

«አንቺ ከመውደቅሽ በፊት በነበረው ሌሊት አባትሽን ደረቱን አመመው። ላይኛውን ቁልቁለት ግማሹን ደልድሎ መሪው ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። አወረድኩት። ግማሹ እንደ ተቦጫጨቀ ቀረ። ገመድ ወጥሬ ቁልቁለቱን መዝጋት የኔ ድርሻ ነበር። እሱን ሐኪም ቤት ለማድረስ ስሮጥ ረሳሁት።»

«ሐኪም ቤት?»

«ልብ ነው አሉት። ሥራ አቁም፣ ተኛ አሉት፤ አልሰማቸውም። ለቡሩል እንዳትነግራት፣ ውድድሩን ትተወዋለች ብሎ አስማለኝ። ሳንመለስ አንቺ ወደቅሽ።»

«ከወደቅሁ በኋላስ? ያን ሁሉ ቀን ስሰድበውስ?»

ሳማጋን ዓይኑን ወደ ድስቱ መለሰ። «እኔው ልንገራት አልኩት። ‹አንተን ያባርሩሃል፣ ልጆች አሉህ። እኔ ላይ ትናደድ፤ አባቷ ነኝ፣ እችለዋለሁ› አለኝ።»

«እችለዋለሁ አለ?»

«እንደሱ ነው ያለው።»

«አልቻለማ!» ጮኸች። እሳቱ አጠገብ ያሉት ሰዎች ዞሩ። «ይኸው አልቻለማ! ማን ቻል አለው? ብትነግሩኝ እኮ ዝም እል ነበር! ብትነግሩኝ ባልዲውን እኔ እሸከምለት ነበር!»

ክራንቿን አነሳች። ግን ያለ እሱ መቆም ስለማትችል ወዲያው መልሳ ተከለችው። ለመናደድ እንኳ ሁለት እግር ያስፈልጋል። ደሟ እንደ ፈላ ዞራ፣ ወደ ድንኳኑ ፊት ለፊት እያነከሰች ገሰገሰች።

እዚያ ወንዶቹ ተሰልፈዋል። ወገባቸውን በጨርቅ አስረው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ የሚመጣውን ለቀስተኛ ቆመው እያለቀሱ ይቀበላሉ። ከበሩ አጠገብ ያለው ዋናው ቦታ የሟች ወንድ ልጅ ቦታ ነው። ጁማሊ ወንድ ልጅ ስለሌለው የወንድሙ ልጅ ኤርኪን ነው የቆመበት።

«ጠጋ በል» አለችው።

«ቡሩል፣ እዚህ እኮ የወንዶች...»

«ጉልበቴ አይታጠፍም። ቁጭ ብዬ ማልቀስ አልችልም፤ ቆሜ እችላለሁ። ጠጋ በል።»

ኤርኪን ደግ ልጅ ነው፤ ወዴት እንደሚጠጋ ግን ጠፋው። ያን ጊዜ ኡልጃን ከድንኳኑ አንገቷን አወጣች።

«ምን ልታደርጊ ነው? ግቢ! ወንድ ልጅ የለው ብለው ሴት ውጭ አቆሙ ሊሉን ነው?»

«ይበሉ! የለውማ። እኔ ነኝ ያለሁት።»

«ከወንድ ጋር፣ ከዘራ ተደግፈሽ?»

«ከዘራማ እነሱ አንድ አንድ ነው ያላቸው፤ እኔ ሁለት አለኝ።»

ከሰልፉ ውስጥ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ኡልጃን ፊቷ ቀላ። ለወንድሟ ያላት ፍቅር የማይታማ ነው፤ ግን ወግ ከተበላሸ ሟቹን ራሱን የሰደቡት ያህል ይሰማታል። ልትወጣና እጇን ልትይዝ አንድ እግሯን ከደጃፉ አሻገረች።

«እትዬ ኡልጃን» አለ ከውስጥ የሻከረ ድምፅ። ቤርሜት ነበረች፤ ከጠዋት ጀምሮ ፊቷን ከግድግዳው አላዞረችም፣ አሁንም አላዞረችም። «ይተዉአት። ልጁ ናት።»

ባሏ የሞተባትን ሴት በባሏ ሬሳ ፊት የሚከራከር የለም። ኡልጃን ተመለሰች። ኤርኪንም ጠጋ አለ። ቡሩል ክራንቿን በረዶው ውስጥ ተክላ በበሩ አጠገብ ቆመች። ሰሌዳዋ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመች ዕለትም እንዲህ አልፈራችም፤ ያኔ ብትወድቅ የሚስቅባት አባቷ ብቻ ነበር።

ብዙም ሳይቆዩ የናሪኖቹ መኪና ከግቢው በር ወዲያ ቆመ። ወንዶቹ ወርደው ጎንበስ እንዳሉ፣ ለሩጫ ምንም ባልቀረው እርምጃ፣ «ወይ ወንድሜ! ወይ ጋሻዬ!» እያሉ መጡ። ሰልፈኞቹ መመለስ አለባቸው። ኤርኪን «ወይ ደጉ አጎቴ!» አለ። ቀጥሎ የእሷ ተራ ነው። ደጉ አባቴ ልትል አፏን ከፈተች።

«ወይ ውሸታሙ አባቴ!»

ከየት እንደ ወጣ ራሷም አላወቀችም። ከወጣ በኋላ ግን የሚይዘው ጠፋ።

«ወይ ደባቂው አባቴ! እችለዋለሁ ብለህ ያልቻልከው አባቴ! ማን ደብቅ አለህ? ማን ስደቢኝ በል አለህ? ልክ ነሽ አልከኝ፤ ልክ አልነበርኩም! ልክ አልነበርኩም አባዬ!»

እንባው ከንዴቱ ጋር ተያይዞ መጣ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። የናሪን ሰዎች እርምጃቸውን ገቱ። እንዲህ ያለ ሙሾ በዘመናቸው ሰምተው አያውቁም። ሟች ይወደሳል እንጂ ይወቀሳል እንዴ?

ከእሳቱ ተከትሏት የመጣው ሳማጋን ከሰልፉ ጫፍ፣ ጢስ የጠጣ ድምፁ እየተሰበረ፣ «ወይ ውሸታሙ ወንድሜ!» ብሎ ተቀበላት። ቀጥሎ ኤርኪን። ቀጥሎ ምን እንደሚሉ የማያውቁት ሁሉ። የናሪኖቹ ሽማግሌ ኤርኪንን አቅፎ ወደ እሷ ሲደርስ፣ የሚጨብጠው እጅ ቢያጣ፣ ክራንቹን የያዘ እጇን ከነክራንቹ በሁለት እጁ ጨበጠ። «ጠንክሪ» አላት። ለወንድ ልጅ እንደሚባለው፣ ሳያባብል።

ለቀስተኞቹ ወደ ውስጥ ሲገቡ ኡልጃን ወጣች። ኤርኪን ጠቡ አሁን መጣ ብሎ አንገቱን ደፋ። ቡሩል ለጠብ ተዘጋጀች፤ ለዚህ የሚሆን ንዴት ገና ተርፏታል።

አክስቷ ግን የቡሩልን ካፖርት፣ ሳይታሰር የተንዘረፈፈውን፣ ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ ጥቁር የሱፍ ሻርፗን ከትከሻዋ አወረደችና በርዝመቱ አጠፈችው።

«ክንድሽን አንሺ።»

«አልችልም፣ እወድቃለሁ።»

«እኔን ተደገፊ እንግዲያ።»

ቡሩል አንዱን ክራንች ለቀቀችና ክብደቷን አክስቷ ትከሻ ላይ ጣለችው። ኡልጃን ሻርፑን ልክ እንደ ወንዶቹ ወገቧ ላይ አዞረችና ሳበችው።

«አጠበቅሽው አክስቴ።»

«ይጥበቅ» አለች ኡልጃን፣ እና አንድ ቋጠሮ ደገመችበት።