ውሃ ያልፈታው ቴምብር

ጡረተኛው ቁራጯን ወረቀት ለሦስተኛ ጊዜ ለብ ካለው ውሃ አወጡና የቴምብሩን ጫፍ በወረንጦ ነካ አደረጉት። አልተነቃነቀም። ወረቀቱ ላሽቋል፣ ቴምብሩ ግን እንደተለጠፈ ነው። ትንሽ ሳብ ቢያደርጉት ጥጉ ላይ ነጭ ስንጥቅ ብቅ አለ። ደንግጠው ወረንጦውን ለቀቁት።

"ጉድ ፈላ" አሉ ለራሳቸው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ የኖሩ ሰው ናቸው። በትርፍ ጊዜያቸው ቴምብር ይሰበስቡ ነበር፤ ውሃ ውስጥ እየነከሩ ስንቱን አስለቅቀዋል፣ ከዳር ዳሩ ጥርስ አንዷ እንኳ ሳትጎድል። የሚያውቋቸው ሁሉ "እጃቸው የተባረከ ነው" ይላሉ። እሳቸውም እውነቱን ለመናገር አንድ ቀን "ኧረ ተዉ" ብለው አያውቁም።

ቴምብሩ የራሳቸው ቢሆን ኖሮ ተናደው ይተዉት ነበር። ግን የመምህሩ ነው፤ የአርባ ዓመት ጓደኛቸውና የቴምብር ባልንጀራቸው። ባሕር ማዶ ያለችው የመምህሩ ልጅ በቅርቡ ወልዳለች። እዚያ አገር ለከፈለ ሰው የፈለገውን ፎቶ ቴምብር አድርገው ያትሙለታል አሉ፤ እሷም የአራስ ልጇን ፊት አሳትማ፣ ደብዳቤ ላይ ለጥፋ ለአባቷ ላከች። መምህሩ ትናንት ፖስታውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር የመጡት።

"በእኛ ጊዜ ቴምብር ላይ የሚወጣው ንጉሥ ብቻ ነበር" አሉ እየሳቁ። "ይኸው የልጅ ልጄ ጥርስ ሳታበቅል ነገሠችልህ!"

ከዚያ እጆቻቸውን ዘርግተው አሳዩ። ይንቀጠቀጣሉ።

"እኔ ከነካኋት አበቃላት። አንተ አስለቅቅልኝ። ነገ አራት ሰዓት ላይ አልበሜን ይዤ እመጣለሁ።"

"እንዲያው ብትበላሽ፣ ልጅህ ያልተለጠፈ ሌላ መላክ ትችላለች አይደል?"

"ያልተጓዘ ቴምብርማ ምኑን ቴምብር ሆነ? ባሕር የተሻገረችው፣ ማኅተም ያረፈባት ይቺ ናት። ደግሞ አንተ እያለህ ምን ትበላሻለች!"

አሁን ሦስት ሰዓት አልፏል። ጡረተኛው ከሥራ ከወጡ ወዲህ አዲስ ቴምብር እጃቸው ገብቶ አያውቅም፤ የዛሬዎቹ እንደ ዋጋ ምልክት ተልጠው የሚለጠፉ እንደሆኑ፣ ሙጫቸውም ለውሃ እንደማይበገር ማን ይንገራቸው? እንደ ልማዳቸው የፖስታውን ጥግ ቆረጡ፣ እንደ ልማዳቸው ነከሩ። ሕፃኗ ከውሃው ሳህን ውስጥ ሆና በትልልቅ ዓይኖቿ ታያቸዋለች። መምህሩ ገብተው ያችን ስንጥቅ ሲያዩ ፊታቸው ምን እንደሚመስል አሰቡና ወረንጦውን መልሰው አነሡ።

በሩ ተከፈተና ምራታቸው ገባች። ከቤቱ ፊት ለፊት፣ በመንገዱ በኩል ባለችው ክፍል ላውንደሪ ከፍታለች፤ ማንጠልጠያ ፈልጋ ነው የመጣችው። ሁለቱ ተጣልተዋል አይባልም፣ ተዋደዋልም አይባልም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሙሽርነቷ ሰሞን፣ ቤት ስታጸዳ አንድ ከረጢት ሙሉ የፖስታ ቁርጥራጭ ቆሻሻ መስሏት ጥላባቸዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቴምብር ጠረጴዛቸውን እንዳትነካ ከልክለዋታል። ላውንደሪውንም አይወዱትም፤ ልብስ የምታጸዳበት የቤንዚን ሽታ በመጣ ቁጥር "ቤቴን ማደያ አደረገችው" ይላሉ።

"አባባ፣ ምነው? ላብ በላብ ሆነዋል እኮ።"

"ደህና ነኝ።"

ጠጋ ብላ ሳህኑን አየች።

"ይሄማ ተለጣፊ ነው። ውሃ ውስጥ ቢያድርም አይለቅም።"

"አንቺ ደግሞ ስለ ቴምብር ምን ታውቂያለሽ?"

"ስለ ቴምብር ምንም አላውቅ። ስለ ሙጫ ግን ቀኑን ሙሉ ከእሱ ጋር ስታገል ነው የምውለው። ማስቲካ የተጣበቀበት ሱሪ፣ የዋጋ ወረቀት ያልተላጠለት ኮት... የማያመጡልኝ የለም።"

"ተይው" የሚለው ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር። ሰዓቱን አዩ።

"ብታበላሺውስ?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"እስካሁን ያበላሸው ማን ነው?"

ጡረተኛው ከወንበራቸው ተነሥተው ቦታውን ለቀቁላት።

መጀመሪያ ቁራጯን በሁለት ነጭ ጨርቅ መሐል አስገብታ፣ ያልሞቀ ካውያ ጫነችባትና ውሃውን አስመጠጠች። ወረቀቱ እስኪደርቅ መስኮቱን ከፈተች፣ የቤንዚን ጠርሙሷንና ጥጥ አመጣች። ወዲያው ቴምብሩ ላይ አልዘለለችም። ፖስታው ላይ የቀረችውን ሰማያዊ ተለጣፊ የአየር መልእክት ምልክት አገኘችና ሙከራዋን በእሷ ጀመረች። ጥጡን ነክራ ከወረቀቱ በስተጀርባ ተጫነች።

"ለምን ከጀርባ?" አሉ ጡረተኛው ሳያስቡት።

"ሙጫው ያለው እዚያ ነዋ። ከፊት ከነካሁት የማገኘው ቀለሙን ነው።"

ምልክቷ ሳትጨማደድ ተላጠች። ጡረተኛው ጠጋ ብለው አዩ።

የሕፃኗ ተራ ደረሰ። ምራትየዋ ጀርባውን በቤንዚን አራሰች፣ ጠበቀች፣ ደገመች። ከዚያ ቴምብሩን በፊቱ ደፋችውና ወረቀቱን ከጥጉ አንሥታ ወደ ኋላ ታጥፈው ጀመር። ጡረተኛው ዕድሜ ልካቸውን ቴምብሩን ነበር የሚያነሡት፤ እሷ ቴምብሩን አስተኝታ ወረቀቱን ታነሣለች። ግማሽ ላይ ሲደርስ ያዘ፤ ያው እሳቸው የጎተቱት ጥግ ነው።

"ሳቢው፣ አራት ሰዓት ሊሆን ነው!"

"ሙጫ ሰዓት አያይም አባባ። ቀስ ይበሉ።"

እንደገና ጥጥ፣ እንደገና ጥበቃ። ጡረተኛው ማየት አቅቷቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ጎረቤት ልብስ ታሰጣለች፤ ስንት ልብስ እንዳሰጣች ቆጠሩ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ከኋላቸው "ይኸው" የሚል ድምፅ ሰሙ።

ወረቀቱ ለብቻው፣ ቴምብሩ ለብቻው። ሲደርቅ ጀርባው እንዳይጣበቅ የሕፃን ፓውደር ነሰነሰችበትና በጣቷ ጫፍ አራገፈችው። ጡረተኛው አጉሊ መነጽራቸውን አንሥተው ጥርሶቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። አንዷም አልጎደለችም። ስንጥቁም ከጠርዙ ነጭ ክፈፍ አላለፈም፤ የሕፃኗ ፊት ደህና ነው፣ ማኅተሙም ደህና ነው።

ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። "እሰይ! እሰይ!" እያሉ እንደ ልጅ ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ከላውንደሪው ደንበኛ ሲጣራ ሰምታ፣ የመጣችበትን ማንጠልጠያ ረስታ ሮጠች።

መምህሩ በሰዓታቸው ደረሱ። አልበሙን በብብታቸው እንደያዙ፣ ሳይቀመጡ፣ ቴምብሩ ላይ አጎነበሱ። ለረጅም ጊዜ ቀና አላሉም። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"አንተ ሰውዬ! እጅህ ዛሬም ያው ነው። ሰው ያረጃል፣ የአንተ እጅ ግን አያረጅም!"

ጡረተኛው ፈገግ አሉ። ውዳሴው ጣፋጭ ነበር፣ እንደ ድሮው። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም፤ ምራታቸው እንደሆነች ወሬ አታመላልስም። ከመንገዱ በኩል ደንበኛዋን ስታስረዳ ድምፅዋ ይሰማል፤ "ነገ ጠዋት ይደርስልዎታል" ትላለች።

"እጄማ ሊቀድዳት ነበር" አሉ ድንገት።

"ምን አልክ?"

"ውሃ ውስጥ ነክሬ ልገድላት ነበር። ጥጓን እያት፣ የእኔ ሥራ ነው። ያዳነቻት ምራቴ ናት።"

"ያቺ... ከረጢትህን የጣለችብህ?"

"እሷው ናት።"

መምህሩ አልበማቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ጡረተኛው ተነሥተው ሦስተኛ ወንበር ወደ ጠረጴዛው ሳቡ፣ አልበሙን ባዶው ገጽ ላይ ገለጡና ወደ ላውንደሪው በር ተጣሩ።

"ልጄ! ደንበኛሽን ስትሸኚ ወደዚህ ነይ። እጅሽን ታጠቢና አልበሙ ውስጥ አንቺው አስገቢያት።"