ኮድ አልይዝ ያለ ቦርድ

ሊፍት ጠጋኙ የዕረፍት ቀኑ ቢሆንም ከማለዳ ጀምሮ ላፕቶፑ ላይ አፍጥጧል። ነገ የሌሊት ተራው ይጀምራል፤ አብራቸው የሰነበተችው የሚስቱ ታላቅ እህትም ነገ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ሚስቱ ከታመመች ወዲህ ጆሮዋ አይሰማም፤ የሰው ከንፈር እያየች ነው የምታወራው። ሌሊት ሕፃኗ ሚጣ ስታለቅስ ማን ይቀሰቅሳታል?

መላ ብሎ የያዘው የክብሪት ቀፎ የምታህል የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ናት። ድምፅ መቀበያ አስሮባታል፤ ሚጣ ስታለቅስ በእናቷ ራስጌ ያለውን መብራት ብልጭ ድርግም ታደርጋለች። ላፕቶፕ ላይ ስትሰካ እንደ ፍላሽ ትታያለች፤ ኮዱን እላይዋ ላይ ሴቭ ማድረግ ብቻ ነው። ሲያወሩት ይቀላል። ሰውየውን ግን ቁም ስቅሉን አሳየችው።

አንዳንዴ ሴቭ አድርጎ፣ ነቅሎ፣ መኝታ ቤት ሲሰካት እንደታዘዘችው ትሠራለች። አንዳንዴ የድሮውን ኮድ ይዛ ትገኛለች። አንዳንዴማ ጭራሽ ኮዱን ውሃ ይበላዋል፤ ፋይሉ ባዶ። ገመድ ቀየረ፤ ያው። ሌላ ቦርድ ገዛ፤ እሷም ያው። ቆሽቱ አርሮ ሻጩን በሌለበት ሰደበው። ሻጩ ምስኪን ምን አደረገ?

«ዛሬስ?» አለች የሚስቱ እህት፣ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ እየከተተች።

«ዛሬስ ትሠራለች፣ እትዬ።»

«ትናንትም እንዲሁ ብለኸኝ ነበር። ካልሆነ ልቆይላችሁ እንጂ! ልጆቼን አባታቸው ያያቸዋል።»

ሚስቱ የእህቷን ከንፈር ስትከታተል ነበር። «አይሆንም» አለች። «ልጄ ባለቀሰች ቁጥር ትከሻዬን የምትነቀንቂኝ አንቺ ነሽ። እግዜር ይስጥልኝ። ግን እናቷ ሆኜ ሁሌ ከሰው ነው የምሰማው። ደከመኝ እኮ።»

ባልየው ወደ ላፕቶፑ ዞረ። እሷም ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

ጻፈ፣ ሴቭ አደረገ፣ ገመዱን መዥረጥ!

«ቆይ! ምን አስቸኮለህ?» አለችው።

ፊቱን አዞረላት። «ሴቭ ሆነ እኮ። ስክሪኑን እዪው።»

«ስክሪኑን መች አየሁ? እኔ ያየሁት ቦርዷን ነው። ቀይዋ መብራት ገና ብልጭ ብልጭ ትል ነበር። አንተ ስትነቅላት ጠፋች።»

ሰውየው ገመዱን እንደያዘ ቀረ። ለካ ላፕቶፑ «ሴቭ ሆኗል» ካለ በኋላም ኮዱን ቀስ እያለ ነው ወደ ቦርዷ የሚያራግፈው። እሱ ደግሞ ሊፍት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። መጀመሪያ ኃይል ይቆረጣል፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው፤ እጁ ይህን ከለመደ ቆይቷል፣ ጭንቅላቱንም አያማክርም። ጤነኞቹን ቦርዶች ኮድ ሲያስጥላቸው የከረመው ራሱ ነው።

«ገመድ ከምቀይር እጄን ብቀይር ይሻለኝ ነበር» አለ።

«አምጣው፣ እኔ እይዝልሃለሁ።»

እውነትም ቀኝ እጁን ያዘችው። በግራ እጁ እንደምንም ሴቭ አደረገ። ሁለቱም ዓይናቸውን ቀይዋ መብራት ላይ ተከሉ። ብልጭታው ሲያበቃ ላፕቶፑን ቦርዷን እንዲለቅ አዘዘው። «አሁን» አለችና እጁን ለቀቀችለት። ነቀለ፣ ሰካ። ኮዱ አለ። ደጋግሞ ሞከረ። አለ።

ከምሳ በኋላ ቦርዷን መኝታ ቤት ሰካትና ሚስቱ ከሚጣ አጠገብ ጋደም አለች። እሱና እትዬ ሳሎን ተቀምጠው ስለ ነገው መንገዷ ያወራሉ። መሃል ላይ ሚጣ አለቀሰች። ሁለቱም እንደለመዱት ብድግ ብለው ተሽቀዳድመው በሩ ላይ ደረሱ።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። እናትየው ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ልጇን ታቅፋለች፤ መምጣታቸውንም አላወቀች። ልጇን ወዲያ ወዲህ እያወዛወዘች ታባብላታለች።

«ሰማሁሽ፣ የኔ እናት። ሰማሁሽ እኮ።»