ሥራነሽ ያሳለፈችው ፒክአፕ

በ2004 ዓ.ም. ሐምሌ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ፣ ምክትል ሳጅን ሥራነሽ ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ በሚያወጣው መንገድ ላይ ትራፊክ ትቆጣጠር ነበር። አንድ ፒክአፕ የተጫነች አህያ ለጥቂት ስቶ እየበረረ መጣ። ፊሽካዋን ነፍታ አስቆመችው።

ሾፌሩ አንሙት ይባላል። መንጃ ፈቃዱን ከኪሱ ለማውጣት ቢሞክር ጣቶቹ እየተንቀጠቀጡ እምቢ አሉት።

«ጠጥተሃል?» አለችው።

«አባቴ ሞተ» አለና መሪው ላይ ተደፋ። «አሁን ነው የተደወለልኝ። በስምንት ሰዓት ይቀበራል። እባክሽ እህቴ፣ አፈር ሳይለብስ ልድረስ።»

ሥራነሽ ለመንጃ ፈቃዱ የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች። የራሷ አባት ያረፉት እሷ ማሠልጠኛ ሳለች ነው፤ አገሯ መርጡለ ማርያም ስትገባ ሠልስቱ እንኳ አልፎ ነበር።

አብሯት የቆመው ኮንስታብል የሺዋስ ጠጋ አለና «ይኼ ሰው መንዳት አይችልም። እኔ ልንዳለት?» አላት።

«አንተን ማን ይተካሃል? ደግሞ እየረፈደበት ነው» አለችና መንጃ ፈቃዱን ሳታይ አሰናበተችው። «እግዜር ያጥናህ ወንድሜ። ቀስ እያልክ ሂድ።»

ሰዓት ሳይሞላ ስልኳ ጮኸ። ፒክአፑ ጭቃ በሆነው ጠመዝማዛ ላይ ተንሸራቶ ተገልብጧል። ስትደርስ ገበሬዎች አንሙትን አውጥተው ሣር ላይ አጋድመውታል። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል። እሱ ግን «አድርሱኝ፣ አድርሱኝ» ብቻ ይላል። ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል መለሱት። አባቱ ቄስ ወልደ ገብርኤል ልጃቸው ሳይደርስ ተቀበሩ።

ሥራነሽ ሪፖርቷ ላይ እጁ ሲንቀጠቀጥ አይታ እንዳሳለፈችው፣ የሺዋስም እንደነገራት ጻፈች። አለቃዋ «ይኼን ማን ጠየቀሽ?» ቢላትም አልሰረዘችውም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት።

በአራተኛው ቀን አንሙትን ልትጠይቅ ሆስፒታል ሄደች። እናቱ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ጥቁር ለብሰው አልጋው ሥር ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ» አለች እንደቆመች። «መያዝ ነበረብኝ።»

አንሙት ከእናቱ ቀድሞ «ብትይዥኝ ዕድሜ ልኬን እረግምሽ ነበር» አላት።

«ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።»

ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ቀና ብለው አዩዋት። «ባሌን በቀበርኩ ማግሥት ልጄን ልቀብር ነበር። አዝኜብሻለሁ፣ አልዋሽሽም» አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁላት። «በይ ተቀመጭ።»

በአርባው ቀን ሥራነሽ ፈቃድ ወጣች። የአጎቷን መኪና ተውሳ አንሙትን ከነክራንቹ አሳፈረችና ወደ ሮብ ገበያ ነዳች። ጉሙ ከባድ ስለነበር መንገዱ ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው፤ እሱም ፍጠኝ አላላትም። ቤተ ክርስቲያኑ ሲደርሱ ክንዱን ይዛ እስከ አባቱ መቃብር አደረሰችው። አንሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። ሰዎች «በቃህ» ሊሉት ሲጠጉ እሷ በእጇ መለሰቻቸው።